የጀልባ ሞተር ድምፅ በባሕር ዳርቻ ዓሦች መራባት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

በእስራኤል፣ በቀይ ባሕር ዳር ካለችው ከኤላት ከተማ የጻፉልኝ ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ የሚል ነው። የሚሠሩት ቱሪስቶችን በሚያጓጉዝ ጀልባ ላይ ነው። በሞቃቱ ወራት ጥቁር ሽንትር ያላቸው ትንንሽ ዓሦች በምሰሶዎችና በድንጋዮች ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው እንቁላል ተጥሎ ሲጠብቁት ያያሉ፤ ጀልባዎም በቀን ብዙ ጊዜ በአጠገባቸው ያልፋል። የሞተሩ ድምፅ ዓሦቹን ከመራባት ያግዳቸው እንደሆነ፣ የሚያግዳቸው ከሆነም አንድ የጀልባ ሠራተኛ ምን ማድረግ እንደሚችል ማወቅ ይፈልጋሉ። ባልደረባዎ በበኩላቸው «ዓሣ ጆሮ የለውም፤ ቢኖረውም ይለምደዋል» ብለውዎታል።

አጭሩ መልስ «አዎን፣ ይጎዳል» የሚል ነው፤ ጉዳቱ ግን ብዙ ሰው በሚገምተው መንገድ የሚደርስ አይደለም። የትንሽ ጀልባ ሞተር በአጠገቡ ሲያልፍ ዓሣውን አይገድለውም፣ እንቁላሉንም አያፈርጠውም። የሚያደርገው ነገር እንቁላሉን ወይም ጫጩቶቹን የሚጠብቀውን ወላጅ፣ ጎጆው ያለ ጠባቂ ሊቀር በማይችልበት በዚያ አጭር ጊዜ፣ ከሥራው ማናጠብ ነው። ይህን አጥብቄ የማነሣው መፍትሔውም ከዚሁ ስለሚመነጭ ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው በተወሰነ ቦታ፣ በተወሰነ ወቅትና በተወሰነ ርቀት ውስጥ በመሆኑ፣ እሱን ለማስቀረት የሚያስፈልገው ጀልባዎችን ከባሕሩ ማስወጣት ሳይሆን በዚያ ቦታና በዚያ ወቅት አካሄዳቸውን መቀየር ነው።

ከባልደረባዎ አባባል ልጀምር። ዓሣ በውጭ የሚታይ ጆሮ ባይኖረውም በራስ ቅሉ ውስጥ፣ ከአንጎሉ ግራና ቀኝ፣ የውስጥ ጆሮ አለው። በዚህ ጆሮ ውስጥ ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠሩ ትንንሽ የጆሮ ድንጋዮች ይገኛሉ፤ የዓሣ ሀብት ባለሙያዎች የዓሣን ዕድሜ ለማወቅ ቀለበታቸውን የሚቆጥሩት እነዚህኑ ድንጋዮች ነው። የዓሣ ሥጋ ጥግግት ለውኃ ጥግግት በጣም የቀረበ ስለሆነ የድምፅ ሞገድ ሲያልፍ የዓሣው ገላ ከውኃው ጋር አብሮ ይርገበገባል፤ ከገላው የሚከብዱት ድንጋዮች ግን በዚያው ፍጥነት ስለማይንቀሳቀሱ ከሥራቸው ያሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት ይጎብጣሉ፤ ይህም ወደ አንጎል የሚላክ ምልክት ይሆናል። በዚህም ላይ ከጎንና ከጎን በገላው ርዝመት የተዘረጋው የስሜት መስመር በቅርብ ያለውን የውኃ እንቅስቃሴ ይመዘግባል። ስለዚህ ዓሣ ይሰማል ብቻ ሳይሆን፣ እኛ ከምንሰማው የአየር ግፊት ለውጥ ይልቅ የውኃውን ቅንጣቶች ንቅናቄ በቀጥታ ይሰማል ማለት ይቻላል።

የመስማት ችሎታቸው ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። አብዛኞቹ የባሕር ዳርቻ ዓሦች በደንብ የሚሰሙት ከ1,000 ሄርዝ በታች ያለውን ድምፅ ነው (ሄርዝ የድምፅ ሞገድ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ መለኪያ ነው)። የአየር ፊኛቸው ከውስጥ ጆሯቸው ጋር በትንንሽ አጥንቶች ሰንሰለት የተያያዘላቸው ደግሞ እስከ ብዙ ሺህ ሄርዝ ይሰማሉ። በነገራችን ላይ እነዚህ የኋለኞቹ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች እንግዳ አይደሉም፤ አምባዛም ሆነ ወደ ጣና ገባር ወንዞች ወጥተው እንቁላል የሚጥሉት የባርበስ ወገኖች ይህ የአጥንት ሰንሰለት ያላቸው ናቸው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት የሚመላለሱ ጀልባዎች የሚያሰሙት ድምፅ ከባሕር ዓሦች ይልቅ ጥሩ ጆሮ ያላቸው ዓሦች ወደሚኖሩበት ውኃ ነው የሚገባው። ስለ ባሕር የምጽፈው ነገር ለሐይቅም የሚሠራው ለዚህ ነው።

ድምፅ በውኃ ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህም በአየር ውስጥ ካለው ፍጥነት ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ብርሃን በአንጻሩ በውኃ ውስጥ ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ብዙ ዓሦች የትዳር ጓደኛ ለመጥራት፣ ተቀናቃኝን ለማስፈራራትና አዳኝን ለማወቅ በድምፅ ይጠቀማሉ። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም፤ በውኃ ውስጥ የሚለካ ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) በአየር ውስጥ ከሚለካው ጋር አንድ አይደለም፤ መነሻ ልኬታቸው ይለያያል። በጋዜጣ ላይ «የጀልባው ድምፅ 150 ዴሲቤል ነው» የሚል ቢያነቡ ከአውሮፕላን ድምፅ ጋር አያስተያዩት።

የጀልባው ድምፅ የሚመነጨው ከሁለት ቦታ ነው፤ ከሞተሩ ራሱና ከፕሮፔለሩ። ጀልባው ሲፈጥን ፕሮፔለሩ ውኃውን በኃይል ስለሚገፋ በክንፎቹ ጀርባ የግፊት መውደቅ ይፈጠራል፤ በዚያም እጅግ ብዙ ጥቃቅን አረፋዎች ይወለዱና ወዲያው ይፈነዳሉ። በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ትልቁ የድምፅ ምንጭ ይህ የአረፋ ፍንዳታ ነው። የትንንሽ ጀልባዎች ድምፅ ከመቶ ሄርዝ አካባቢ ጀምሮ እስከ ብዙ ሺህ ሄርዝ የተሰራጨ በመሆኑ ዓሦች የሚሰሙበትንና የሚነጋገሩበትን ክልል በአብዛኛው ይሸፍነዋል። በጎኑ ደግሞ የሚያጽናና ነገር አለ፤ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ዝቅተኛ ድግግሞሽ (ትንሽ ሄርዝ) ያለው ድምፅ ሩቅ አይሄድም፤ በዳርቻ አጠገብ ያለ ጎጆ በዋነኝነት የሚረበሸው በአቅራቢያው በሚያልፈው ጀልባ ነው።

አሁን ወደ ጎጆው እንግባ። እርስዎ የገለጹት ዓሣ በቀይ ባሕር በብዛት የሚገኘው ሰርጀንት ሜጀር የሚባለው፣ ዳምሰልፊሽ ከሚባሉት ትንንሽ የባሕር ዳርቻ ዓሦች ወገን የሆነው ዓሣ ሳይሆን አይቀርም። ሴቷ እንቁላሏን በድንጋይ ወይም በምሰሶ ላይ አጣብቃ ትሄዳለች፤ የቀረው ሥራ በሙሉ የወንዱ ነው። እንቁላሉ እስኪፈለፈል ባሉት ጥቂት ቀናት ወንዱ በክንፉ ውኃ እያራገበ ኦክስጅን ያደርስለታል፣ የሞተውንና የሻገተውን እየለቀመ ያስወግዳል፣ እንቁላል ለመብላት የሚያደቡትንም ዓሦች ያባርራል። ጠላፊዎቹ ብዙ ናቸው፣ በቡድንም ይመጣሉ፤ ወንዱ ለጥቂት ደቂቃ ሸሽቶ ቢሸሸግ ወይም ሐሳቡ ወደ ሌላ ቢሄድ የእንቁላሉ ክምር ይመናመናል። መራባት የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው በእነዚህ ደቂቃዎች ውስጥ ስለሆነ፣ የድምፅን ጉዳት ለማወቅ መጠናት ያለበት የወላጁ ባሕርይ ነው።

ይህን በጥንቃቄ ያጠኑት በአውስትራሊያ ታላቁ የኮራል ሪፍ (ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሠሩት ድንጋያማ ቦታ)፣ በሊዛርድ ደሴት ዙሪያ የሠሩት ሶፊ ኔደሌክና ባልደረቦቿ ናቸው። የመረጡት ዓሣ ስፓይኒ ክሮሚስ ይባላል፤ እሱም የዳምሰልፊሽ ወገን ነው። ምርጫቸው ምክንያት ነበረው። የአብዛኞቹ የሪፍ ዓሦች ጫጩቶች እንደተፈለፈሉ ወደ ክፍት ባሕር ስለሚወሰዱ ስንቱ እንደተረፈ መቁጠር አይቻልም፤ የዚህ ዓሣ ጫጩቶች ግን ከተፈለፈሉ በኋላም ለሳምንታት ከወላጆቻቸው ሳይለዩ በአንድ ቦታ ያድጋሉ። በ2017 ባወጡት ጥናት በተፈጥሮ ቦታቸው ያሉ 38 ጎጆዎችን ለ12 ቀናት ተከታተሉ። በ19ኙ አጠገብ በውኃ ውስጥ ድምፅ ማጉያ የጀልባ ሞተር ድምፅ ደጋግመው አሰሙ፤ በቀሩት 19 አጠገብ ደግሞ የተለመደውን የሪፍ ድምፅ ብቻ አሰሙ። ጀልባ በአካል ባለመኖሩ የውጤቱ ልዩነት ከጥላው፣ ከማዕበሉ ወይም ከጭሱ መጣ ለማለት አይቻልም።

የሪፍ ድምፅ ብቻ በተሰማባቸው 19 ጎጆዎች ሁሉ ጫጩቶች በሕይወት ቆዩ። የሞተር ድምፅ ከተሰማባቸው 19 ውስጥ ግን ስድስቱ ጫጩቶቻቸውን በሙሉ አጡ። የጫጩቶቹ እድገት አልተለወጠም፤ የተለወጠው የአባቶቹ ሥራ ነው። ወንዶቹ በአጠገባቸው ያለፈውን ሁሉ ማባረር አበዙ፣ መብላት ቀነሱ፣ ከጫጩቶቻቸው ጋር የሚያሳልፉትንም ጊዜ አሳጠሩ። የዚህ ዓሣ ጫጩቶች ከወላጅ ገላ ላይ ንፍጡን እየለቀሙ የሚመገቡ ስለሆኑ ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም። ወንዱ ሰነፈ ለማለት እንደማይቻል ልብ ይበሉ፤ እንዲያውም ከወትሮው በላይ ደክሟል፤ ድካሙ ግን ባልሆነ አቅጣጫ ሄዷል። ጎጆውን ለአጭር ጊዜ የሚመለከት ሰው አባትየው ሲሮጥና ሲያባርር አይቶ «በደንብ ይጠብቃል» ብሎ ሊሄድ ይችላል።

የድምፅ ማጉያ ሙከራ አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ እውነተኛ ጀልባ ያንኑ ያደርጋል ወይ? ለዚህ መልስ የሰጠው ያው ቡድን በ2022 ያወጣው ሥራ ነው፤ ለእርስዎም ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ይመስለኛል። በዚህ ጊዜ ተመራማሪዎቹ ድምፅ አላሰሙም፤ የጀልባዎችን አካሄድ ለሙሉ የመራቢያ ወቅት ቀየሩ። በአንዳንዶቹ ሪፎች የጀልባው ምልልስ እንደወትሮው ቀጠለ። በሌሎቹ ግን ከሪፉ 100 ሜትር ውስጥ የሚገቡ ጀልባዎች እንዲያንሱ፣ የሚገቡትም ፍጥነታቸውን እንዲቀንሱ ተደረገ። በወቅቱ መጨረሻ ጸጥ ባሉት ሪፎች ላይ ከነበሩት ጎጆዎች 65 በመቶው ገና ጫጩቶች ሲኖሩባቸው፣ ጀልባ በበዛባቸው ሪፎች ላይ የቀሩት 40 በመቶው ብቻ ነበሩ። ጸጥ ባለው ቦታ ያደጉት ጫጩቶችም በገላ ተለቅ ያሉ ነበሩ። በገንዳ ውስጥ በተደረገው ተጓዳኝ ሙከራ ደግሞ የሞተር ድምፅ ወላጆች እንቁላላቸውን የሚያራግቡበትን ሥራ እንደሚያውክ ታየ። ማንም ጀልባ አልተከለከለም፤ አዲስ ሞተርም አልተገዛም። ርቀትና ፍጥነት ብቻ ተስተካክለው ይህን ያህል ልዩነት መምጣቱን ከዘርፉ ግኝቶች ሁሉ አስደሳቹ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

እንቁላሉ ራሱም ድምፁን ይሰማዋል። በዚሁ በሊዛርድ ደሴት በ2018 በወጣ ጥናት የሌላ ዳምሰልፊሽ ሽሎች የልብ ምት ጀልባ በአጠገባቸው ሲያልፍ ጨምሯል፤ ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ያስከተለው ጭማሪ ባለ አራት ስትሮኩ ካስከተለው እጥፍ ያህል ነበር። የልብ ምት መጨመር ብቻውን ሞት አይደለም፤ ሆኖም ሽሉ የሚኖረው በተወሰነ የአስኳል ስንቅ ነውና ያለጊዜው የሚያወጣው ጉልበት ከዚያው ስንቅ ይቀነስበታል። ከእንቁላል ወጥቶ በሪፉ ላይ ኑሮ የጀመረው ትንሽ ዓሣም አላመለጠም። ስቲቭ ሲምፕሰንና ባልደረቦቹ በ2016 እንዳሳዩት፣ የሞተር ጀልባ ሲያልፍ የአምቦን ዳምሰልፊሽ ታዳጊዎች ለአዳኝ ጥቃት የሚሰጡት ምላሽ ይዘገያል፤ በተፈጥሮ ቦታ በተደረገው ሙከራ በአዳኝ የተበሉት ታዳጊዎች ቁጥር ጀልባ በማያልፍበት ጊዜ ከሚበሉት ከእጥፍ በላይ ሆኗል። አዳኙ እንደ ታዳኙ አለመረበሹ ጉዳቱን ያባብሰዋል።

እስካሁን የተናገርሁት እንቁላል ከተጣለ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ያለው መጠናናትም በድምፅ ላይ የቆመባቸው ዝርያዎች አሉ። ቶድፊሽ የሚባለው የዳርቻ ዓሣ ወንዱ ከድንጋይ ሥር ጎጆ ይዞ ሴቶችን በድምፅ ይጠራል፤ የሚጠራውም የአየር ፊኛውን በሚያርገበግብ ጡንቻ ነው፤ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኘው ዝርያ ይህን ጡንቻ በሴኮንድ 200 ጊዜ ያህል ማኮማተር ይችላል። በፖርቱጋል፣ ሊዝቦን አጠገብ ባለው የታጉስ ወንዝ መግቢያ የሚኖረው ዘመዱ ደግሞ የመርከብ ድምፅ በተሰማበት ጊዜ የራሱን ወገኖች ጥሪ ለይቶ የመስማት ችሎታው በእጅጉ እንደሚወርድ ተመራማሪዎች በ2007 አሳይተዋል። ወንዱ ቢጠራም ሴቷ ካልሰማችው ጎጆው ባዶ ይቀራል። በዚህ ሁኔታ ማንም አልሸሸም፣ ማንም አልደነገጠም፤ ስለዚህ በዓይን የሚታይ ጉዳት የለም።

በድምፁ ዓይነት ላይም የሚወሰን ነገር አለ። ኮመን ጎቢ በሚባል በአውሮፓ ዳርቻዎች በሚኖር ትንሽ ዓሣ ላይ ተሠርቶ በ2019 የታተመ ጥናት የማያቋርጥ ድምፅንና እየተቋረጠ የሚመጣ ድምፅን አነጻጽሯል። የማያቋርጠው ድምፅ በተሰማበት ጊዜ ከወንዶቹ ጎጆ እንቁላል የተጣለበት ጥቂቱ ነበር፤ የጣሉትም ሴቶች ዘግይተዋል። እየተቋረጠ የመጣው ግን ይህን ጉዳት አላስከተለም። በጸጥታው ክፍተት መጠናናቱ መቀጠል የሚችል ይመስላል። ስለዚህ ሞተሩን ሳያጠፋ በጎጆዎች አናት ላይ ለረጅም ጊዜ የሚቆም ጀልባ፣ ምንም እንኳ የማይንቀሳቀስና ጉዳት የሌለው ቢመስልም፣ በመጠናናት ጊዜ አልፎ ከሚሄደው ጀልባ የባሰ ሊሆን ይችላል።

እንክብካቤው በአፍ ውስጥ የሚሆንባቸው ዓሦችም አሉ። ቆሮሶን የሚያውቅ ሰው እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ እንደምታሳድግ ያውቃል። በታንጋኒካ ሐይቅ በሚገኝ፣ ልክ እንደ ቆሮሶ በአፉ በሚያሳድግ ዘመዷ ላይ በገንዳ ውስጥ የተደረገ ሙከራ፣ በእንክብካቤው መጀመሪያ ላይ ድምፅ የተሰማባቸው እናቶች እንቁላላቸውን እንደሚበሉ ወይም ያለጊዜው እንደሚተፉ አሳይቷል። ከዚያው ሐይቅ የመጣ ሌላ ዝርያ ደግሞ የጀልባ ድምፅ ሲሰማ የመራቢያ ጉድጓዱን መቆፈርና እንቁላል በሊታዎችን መከላከል እንደሚቀንስ በ2013 ታውቋል። ለምግብ ከሚፈለጉት የባሕር ዓሦች መካከል የአትላንቲክ ኮድ የተባለው ዓሣ በእንቁላል መጣያው ወቅት ሰው ሠራሽ ድምፅ ሲሰማበት በሕይወት ሊያድግ የሚችለው የእንቁላሉ መጠን ከግማሽ በላይ ቀንሷል፤ ይህም በ2015 ታትሟል። የመጨረሻው ሙከራ የተደረገው በእርባታ ገንዳ ውስጥ በተቀናበረ ድምፅ እንጂ በጀልባ አለመሆኑን ሳልጠቅስ አላልፍም።

ወደ ባልደረባዎ ሁለተኛ ሐሳብ ልመለስ፤ «ይለምደዋል» የሚለው በከፊል እውነት ነው። በፈረንሳይ ፖሊኔዢያ፣ በሞሬያ ደሴት፣ በቀይ ባሕርም በሚገኘው ባለ ሦስት ነጥብ ዳሲሉስ በሚባለው ዓሣ ታዳጊዎች ላይ በተሠራ ጥናት፣ የጀልባ ድምፅ በተሰማባቸው በሁለተኛው ቀን ዓሦቹ ይሸሸጉና ቶሎ ቶሎ ይተነፍሱ ነበር፤ ከአንድና ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ይህ ምላሽ ጠፍቷል። በዚያው ደሴት ክሎውንፊሽ በሚባለው ዓሣ አንድ ዝርያ ላይ በተሠራው ጥናት ደግሞ የጭንቀት ሆርሞን ጨምሯል፤ ዓሦቹ መሸሸግ አብዝተዋል፣ በሌሎች ዝርያዎች ላይም ይበልጥ ተቆጥተዋል፤ ድምፁ ለሁለት ቀን በቀጠለበትም ጊዜ ባሕርያቸው ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ከዚህ የምንረዳው መልመድ በዝርያ፣ በዕድሜና በጊዜ ርዝመት እንደሚወሰን ነው። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። እንቁላል በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚፈለፈል ከሆነ ለመልመድ ሳምንት የሚፈልግ ወላጅ ልማዱ ሲመጣለት ጎጆው ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል። ደግሞም በሌላ ድምፅ የተሸፈነን ጥሪ በመልመድ መስማት አይቻልም። ቶድፊሿ ሴት ከጀልባው ድምፅ ጋር ምን ያህል ብትላመድ፣ ያልደረሳት ጥሪ አልደረሳትም።

ድምፅ ለዓሦች ዋነኛው አደጋ ነው ብዬ ግን አልጽፍልዎትም። ታላቁ የኮራል ሪፍ በ2016 እና በ2017 በባሕር ሙቀት የደረሰበት የኮራል መንጣት ከማንኛውም የጀልባ ድምፅ የከፋ ነው፤ ከልክ ያለፈ ማጥመድም እንዲሁ። ከጥናቶቹም ብዙዎቹ የተደረጉት በትንንሽ የሪፍ ዓሦች ላይ ነው፤ በመስታወት ገንዳ ውስጥ የተደረጉትን በተመለከተ፣ በገንዳ ውስጥ ድምፅ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ስለሚነጥር ዓሣው የሚሰማው በባሕር ውስጥ ከሚሰማው ጋር አንድ አይደለም። ስለሆነም ከላይ ካነሣኋቸው ውስጥ ይበልጥ የምደገፈው በባሕሩ ውስጥ በተደረጉት ላይ ነው። ድምፅን ከሌሎቹ ብክለቶች የሚለየው አንድ መልካም ነገር ግን አለ፤ ፕላስቲክ ወይም ዘይት ከተጣለ በኋላ ለዓመታት ይቆያል፣ ድምፅ ግን ሞተሩ እንደጠፋ ያልቃል። በኒውዚላንድ የሐውራኪ ባሕረ ሰላጤ በመጋቢት 2020 በኮቪድ ምክንያት የመዝናኛ ጀልባዎች ሲታገዱ የውኃው ውስጥ ድምፅ በሰዓታት ውስጥ ወርዶ፣ ዓሦችና ዶልፊኖች ሊደማመጡ የሚችሉበት ርቀት እስከ 65 በመቶ ጨምሮ ነበር። ሙቀቱን ለመቀነስ የዓለም መንግሥታት ስምምነት ያስፈልጋል፤ ለዚህኛው ግን ጀልባውን የያዘው ሰው ይበቃል።

ታዲያ እርስዎ ምን ማድረግ ይችላሉ? ከሁሉ አስቀድሞ ርቀት። መስመራችሁ በጎጆዎቹ አናት ላይ የሚያልፍ ከሆነና የመርከብ ማለፊያው ደንብ የሚፈቅድ ከሆነ፣ መስመሩን ወደ ጥልቁ ውኃ ጥቂት ማራቅ ሌላው ሁሉ ተደምሮ ከሚያመጣው የበለጠ ለውጥ ያመጣል፤ በአውስትራሊያው ሙከራ ያገለገለው 100 ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። መቅረብ ግድ ሲሆን ፍጥነቱን አረፋ ከማይፈጠርበት ደረጃ በታች ማውረድ ይገባል። አንዳንድ ካፒቴኖች ቀስ ብሎ ማለፍ ጎጆው አጠገብ የሚቆዩበትን ጊዜ ያራዝማል ብለው ይከራከራሉ፤ ክርክሩ ውኃ የሚቋጥር ቢሆንም፣ ለዚያ መልሱ ከሩቅ ጀምሮ መቀነስና ርቆ ማለፍ እንጂ መፍጠን አይደለም። ጎጆው አጠገብ ደርሶ በድንገት የሞተሩን ኃይል መጨመር ከሁሉ የከፋ ነው። ቱሪስቶች ዓሦቹን እንዲያዩ የምትቆሙ ከሆነ በቋሚ ማሰሪያ ታስራችሁ ሞተሩን አጥፉ፤ መልሕቅ በኮራል ላይ መጣል የራሱ ጉዳት አለው።

ሰዓትም ይታሰብበት። ብዙ ዳምሰልፊሾች እንቁላል የሚጥሉት በማለዳ ነው፤ በቀይ ባሕር የሚኖረውን ባለ ሁለት ሽንትር ክሎውንፊሽ ጨምሮ የክሎውንፊሽ ወገኖች እንቁላል ደግሞ የሚፈለፈለው ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባለው ጊዜ ነው። የጀንበር መጥለቂያ ጉዞ ተወዳጅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢያንስ መስመሩ ከሪፉ የራቀ ይሁን። የሞተር ጉዳይ የባለቤቱ ውሳኔ ቢሆንም፣ አሮጌው ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ሲያልቅ በባለ አራት ስትሮክ መተካቱ በሽሎቹ የልብ ምት ላይ የታየ ጥቅም አለው። የኤሌክትሪክ ሞተር የሞተሩን ድምፅ ይቀንሳል፤ የፕሮፔለሩን አረፋ ግን በፍጥነት ከተነዳ አያስቀርም። ከእናንተ እጅ የማይወጣው ቀላሉ ነገር ፕሮፔለሩን መመርመር ነው፤ ክንፉ የተጣመመ ወይም ጠርዙ የተሸረፈ ፕሮፔለር በዝቅተኛ ፍጥነትም አረፋ ይፈጥራል፣ ይጮኻልም።

በመጨረሻ፣ በራስዎ ቦታ ያለውን ሁኔታ ራስዎ ማወቅ ይችላሉ። ጀልባ በሚያልፍበትና በማያልፍበት ቦታ ጥቂት ጎጆዎችን ይምረጡ፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ከአንድ ርቀት ፎቶግራፍ ያንሷቸው። ሊፈለፈል የተቃረበ እንቁላል ውስጥ የጫጩቱ ዓይን ብር መስሎ ይታያል። ዓይን ከታየ በኋላ ባዶ የሆነ ጎጆ ምናልባት በሰላም የተፈለፈለ ነው፤ ዓይን ሳይታይ ባዶ የሆነው ግን ተበልቷል ወይም ወላጁ ትቶታል። ከፎቶግራፉ ጎን ያለፉትን ጀልባዎች፣ ሰዓታቸውንና ፍጥነታቸውን ያስፍሩ። የአንድ የመራቢያ ወቅት እንዲህ ያለ መዝገብ ይዘው ወደ ሪፉ ተፈጥሮ ጥበቃ ክልል ባለሙያዎች ቢቀርቡ፣ የጀልባ መስመሮችን እንደገና ለመሥመር የሚያስችል መረጃ ያቀብሏቸዋል።